የደበሌ ድንጋይ

አለምነሽ ከዘሪቱ እናት ጋር በእንስራ ዋጋ ትከራከራለች፤ ሴትዮዋ የዘሪቱ እናት መሆኗን ግን አታውቅም።

«አንቺ፣ ቀንሺ እንጂ!» አለች በአሪኛ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «ለትምህርት ቤት ድራማ ነው እኮ። ለአንድ ቀን ብቻ!»

«እንስራ ለአንድ ቀን ተብሎ አይሠራም፣ ልጄ» አለች ሴትዮዋ ቀና ሳትል።

ዘሪቱ ከአለምነሽ ኋላ ቆማ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ቅዳሜ ነው፤ የጂንካ ገበያ ጢም ብሏል። በቆሎው፣ ቆጮው፣ ማሩ፣ ቅቤው ሁሉ መሀል ሜዳው ላይ ነው። ሸክላ ሠሪዎቹ ግን እንደ ሁልጊዜው ከሰው ተለይተው ከታች ቦዩ ዳር ተደርድረዋል። ገዢው እዚያ ድረስ ወርዶ ዕቃውን ይመርጣል፣ ሳንቲሙን መሬት ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል እንጂ ከእጃቸው ወደ እጁ አይቀባበልም። በዚህ አገር ገበሬው ሸክላ ሠሪውን «ማና» ይለዋል። ማና በሠራው ድስት ወጥ ይወጠወጣል፣ ማና በሠራው እንስራ ውሃ ይቀዳል፤ ከማና ጋር በአንድ ቅል መጠጣት ግን አይሞከርም፤ ቤቱም አይገባም። ለምን ቢባል መልስ ያለው ሰው የለም። ከድሮም እንዲሁ ነበር ይላሉ፤ በቃ።

አለምነሽ ባለጌ ልጅ አይደለችም። ቅድም ቅቤ ሻጯን «እናቴ» ብላ ነው ያናገረቻት፤ ማር ሻጩንም ጎንበስ ብላ ነው ሰላም ያለችው። ይህችኛዋን ግን «አንቺ» አለቻት፤ እንዲህ ማለቷንም ልብ አላለችውም።

እናትየው ከእንስራዎቹ አንዱን አንስታ በጣቷ ኳ አደረገችውና ጆሮዋን አስጠጋች። መልሳ አስቀመጠችው። ሌላ አነሳች፤ እሱንም አስቀመጠችው። አንዱን ግን ደጋግማ አዳመጠችውና «ይሄን ውሰዱ፤ ባላችሁት ዋጋ» አለች። ዘሪቱ ገባት። ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር።

አለምነሽ ሳንቲሙን የእንሰት ቅጠሉ ላይ ጣል አደረገች። ዘሪቱ እንስራውን ልታነሳ ስታጎነብስ እናቷ ከሥሩ ደገፈችላት፤ ጣታቸው ተነካካ። እናትየው አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋ ያዘቻትና ለቀቀቻት። ከዚህ ሌላ ሰላምታ የለም፤ ውላቸው እንዲህ ነው። ዘሪቱ ለትምህርት ወደ ጂንካ ስትመጣ ራሷ እናቷ ነበረች «ገበያ ላይ ብታዪኝ አትጥሪኝ፤ እኔም አልጠራሽም። አንቺ ብቻ ተማሪልኝ» ያለቻት።

ከገበያው ራቅ እንዳሉ አለምነሽ ፊቷን አጨማደደች።

«ነካችሽ አይደል? አይቻለሁ እኮ! ነይ፣ ነሪ ወንዝ እንውረድና ታጠቢ።»

«ምንም አይደል።»

«እንዴት ምንም አይደል! እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባሽም። ነይ አቦ!»

ወንዙ ዳር አለምነሽ ራሷ ቅጠል ቀጥፋ የጓደኛዋን ጣቶች አንድ በአንድ አሸችላት። በፍቅር ነው የምታሽላት፤ ዘሪቱንም ያመማት ይኸው ነው። የእናቷ እጅ ከእጇ ላይ ታጥቦ ወደ ታች ሲሄድ አየች።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ቃል ነው። ባለፈው ዓመት፣ ትምህርት በተከፈተ ቀን፣ አንዲት ጥርሰ ፍንጭት ልጅ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና «የማን ወገን ነሽ?» አለቻት። ዘሪቱ በደንብ የምታውቀው የገበሬ ቤት ስም አንድ ብቻ ነበር፤ እናቷ ድስት እያዞረች የምትሸጥበት የደበሌ ግቢ። «የደበሌ» አለች። ልጅቱ ከወንበሩ ዘለለች።

«እናቴ እኮ የደበሌ ልጅ ናት! እህቴ ነሻ!»

ዘሪቱ ፈጥና «ወደ ቀይ አፈር ከተማ ከወረዱት ነን» ብላ ጨመረች። ደበሌ ብዙ ሚስት አግብቶ፣ ልጆቹ እስከ ወይጦ ድረስ የተበተኑበት ሰው ስለነበር ነገሩን ያጣራ አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚመለስ ቃል አልሆነም።

«ስንቅና ሐሰት እያደር ይቀላል» ይባላል። የዘሪቱ ሐሰት ግን እያደር ከበዳት። የአለምነሽ እናት «የወንድሜ ልጅ» እያሉ ከገበታቸው ያጎርሷታል፤ በየመንገዱ አለምነሽ ትከሻዋን አቅፋ ትሄዳለች። የምትጎርሰውም፣ የምትታቀፈውም ግን የቀይ አፈሯ ልጅ ናት፤ እሷ ደግሞ በዓለም ላይ የለችም። እውነተኛዋ ዘሪቱ ጥግ ላይ ቆማ ሁሉን ታያለች። ማታ የምታድረው ወይዘሮ ሙሉወርቅ የምትባል የመሀል አገር ነጋዴ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው፤ በማደሪያዋ ምትክ ሱቁን ትጠርጋለች፣ ዕቃ ታጥባለች። እዚያ በጨው ጆንያዎቹ መሀል ብቻዋን ስትተኛ እንኳ ያን ያህል አይከፋትም። የሚብስባት ቀን ላይ ነው፤ ሰው አቅፏት ሲስቅ።

ይህ መለያየት የማይገባበት አንድ ቦታ ነበር። የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገበሬና ሸክላ ሠሪ በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ይዘምሩ ነበር፤ አባቷ ዳርጌ እዚያ ውስጥ ሲዘምር ድምፁ ከሁሉ ይበልጥ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑንም መንግሥት አሸገው። አሁን በሩ ላይ ሰንሰለት አለ፤ ደጃፉ ላይ ሣር በቅሏል።

ወሩ የካቲት ነው፤ ዓመቱም ሰባ ሰባት። የመሬት አዋጁ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ነው ተብሎ አገሩ ሁሉ ሽር ጉድ ይላል። የታሪክ አስተማሪው መምህር ተገኝ የኪነት ቡድኑም ኃላፊ ናቸው፤ ከጎጃም መጥተው የጂንካን ጭቃ ለምደውታል የሚባሉ፣ ሲናገሩ እጃቸው የማያርፍ ሰው።

«ማክሰኞ ወደ አሮጌው ከተማ እንወጣለን» አሉ ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ዓርብ፣ ጠመኔያቸውን እያወዛወዙ። «ከጋራው ላይ ያለውን የድሮ ሰፈር ስንቶቻችሁ አይታችሁታል? ገዥው የተቀመጠበት፣ ገባሩ የታሰረበት፣ ሕዝቡም መብቱን የጠየቀበት ቦታ ነው! እያንዳንዳችሁ አያቶቻችሁ በተቀመጡበት ድንጋይ ላይ ትቀመጣላችሁ። አቶ ዶላሞ የሚባሉ አዛውንት የሁሉንም ድንጋይ ያውቃሉ።»

«ቲቸር፣ እኔስ የት ልቀመጥ?» አለ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ንጉሤ። «የኔ አያት እኮ ከመሀል አገር ነው የመጣው። ከገዥው ወንበር ላይ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ እዚያው በዚያው ንጉሤን በድራማው ላይ ገዥ አደረጉት። ዘሪቱን ደግሞ ዝምተኛ ስለሆነች ቃል የሌለው ቦታ ሰጧት፤ ውሃ ተሸክማ የምትገባ የገባር ሴት። አለምነሽ በደስታ በክርኗ ወጋ አደረገቻት።

«ሁለታችንም የደበሌ ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን! አያታችን እኮ ነው ዋናው ሰውዬ፣ ታውቂያለሽ?»

ዘሪቱ አታውቅም ነበር። የምታስበው ስለ አቶ ዶላሞ ነበር። ያ ሽማግሌ የሁሉንም ድንጋይ ካወቀ፣ የሁሉንም ዘር ያውቃል ማለት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት በአውሮፕላን ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች አቋርጠው ጋራውን ተያያዙት። መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ በግራና በቀኝ እንሰትና በቆሎ። ዘሪቱ ባዶውን እንስራ በገመድ ጀርባዋ ላይ አዝላለች። ወንዶቹ ሊያግዟት ሲሉ እምቢ አለች። አያቷ እንዳስተማረቻት ከሥሩ የቅጠል ክብ አድርጋ፣ ገመዱን በደረቷ አሳልፋ ነው ያሰረችው። ሌላ አስተሳሰር አታውቅም።

አሮጌው ከተማ ከተማ የሚያሰኘው ስሙ ብቻ ነው። ከወገብ በታች የቀረ የድንጋይ አጥር፣ ጣሪያ የሌለው አዳራሽ፣ ሣር የዋጠው የጎተራ መደብ፣ ከጎኑ እስር ቤት የነበረ ጉድጓድ። ከመሀል አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል። ከዋርካው ሥር በክብ የተቀመጡ ድንጋዮች አሉ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠፍጣፋ፣ አንዱ ሾጣጣ፤ አንዱም ካንዱ አይመሳሰልም።

አቶ ዶላሞ በትራቸውን ተደግፈው ጠበቋቸው። ረጅም ነበሩ፤ ዕድሜ አጉብጧቸዋል። ባርኔጣቸውን አወለቁና በዝግታ መናገር ጀመሩ።

«ገባር ሥራ እስኪታዘዝ ድረስ ከንጋት ጀምሮ እዚህ ይጠብቃል። መሬቱ ጭቃ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከገዛ ማሳው ድንጋይ ተሸክሞ አመጣ፤ እሱ ላይ ተቀመጠ። ይሄ ጥቁሩ ከኛ ማሳ ነው። እኔ ነኝ ከአባቴ ጋር ያመጣሁት። መሬት ያለው ድንጋይ አለው።»

ከዚያ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ አስቀመጧቸው። ስም ይጠይቃሉ፤ ጥቂት ያስባሉ፤ በበትራቸው ድንጋዩን ነካ ያደርጋሉ። የተቀመጠው ልጅ ሁሉ ቁመቱ ትንሽ የጨመረ ይመስላል። የመሀል አገር ልጆች አጥሩን ተደግፈው ቆሙ። ንጉሤ እንኳ ቀልዱን ረሳ።

«እኔ የደበሌ ነኝ!» አለች አለምነሽ የዘሪቱን እጅ እየጎተተች። «እሷም እህቴ ናት። ከቀይ አፈር ወገን።»

አቶ ዶላሞ ዘሪቱን አዩዋት። ፊቷን፣ ከዚያ ጀርባዋ ላይ ያለውን እንስራ፣ ከዚያ የቅጠሉን ክብና የገመዱን አስተሳሰር። ዓይናቸው እዚያ ላይ ቆየ።

«እንስራው የማን እጅ ነው?»

«ከገበያ ነው የተገዛ፣ አባባ» አለች ዘሪቱ።

«ጥሩ እጅ ነው» አሉ። በበትራቸው ከሁሉ ሰፊውንና ቀዩን ድንጋይ ነካ አደረጉ። «ተቀመጡ።»

አውቀዋታል። ዘሪቱ አልተጠራጠረችም፤ አውቀው ዝም አሏት። እፎይ ማለት ነበረባት። ድኛለሁ፣ አለቀ፣ ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ የለም ብላ ልታስብ ሞከረች። ድንጋዩ ግን ከሥሯ ቀዝቃዛ ነበር፤ ልቧም አልሞቀም።

የአቶ ዶላሞ ምራት በትልቅ ቅል ትኩስ ሸፈሮ ይዛ መጣች። የተፈላው የቡና ገለባ ሽታ ቦታውን አወደው። ቅሉ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ መዞር ሲጀምር ሽማግሌው ወሬያቸውን ቀጠሉ።

«አንድ ዓመት ንቡ ሸሸ። ማር ጠፋ። ደበሌ ለገዥው የሚያስገባው ማር አጣና በዚያ ጉድጓድ ታሰረ። በነጋታው ሁላችንም መጥተን በየድንጋያችን ተቀመጥን። ይሄ የደበሌው ብቻ ባዶ ነበር። ደበሌ ተፈትቶ ድንጋዩ ላይ እስኪቀመጥ አንነሳም አልን። አጥር አላጠርንም፣ እህል አልፈጨንም፣ አልተጣላንም። ዱላ መጣ፤ ተቀመጥን። ፀሐይ ከረረች፤ ተቀመጥን።»

«መብቱን የጠየቀ ሕዝብ!» አሉ መምህር ተገኝ ከዳር።

«ዘበኞቹ ወደ ምንጩ የሚወስደውን በር ዘጉብን። ምላሳችን ከላንቃችን ተጣበቀ። ጠብታ ውሃ ሳንቀምስ አደርን፤ ዋልን፤ ደግሞም አደርን። በመጨረሻ ገዥው ፈራ። ደበሌ ወጥቶ እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።»

ልጆቹ አጨበጨቡ። አለምነሽ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ዘሪቱ ግን አላጨበጨበችም። የአያቷ ድምፅ ነበር ጆሮዋ ውስጥ የሚናገረው።

አያቷ ሸክላ ስትረግጥ አንድ ወሬ ነበራት፤ ብዙ ጊዜ ነግራታለች፤ ቦታውን ግን ጠርታላት አታውቅም። «አንድ ጊዜ ውሃ ተሸክመን ሽቅብ ወጣን» ትላለች። «ሰዎች ተቀምጠው ጠምቷቸዋል ሲሉ ሰማን። በጀርባ በኩል ዞረን እንስራዎቻችንን አጥሩ ሥር አስቀመጥን። እስኪመሽ ቆመን ጠበቅን። ማንም አልጠጣም። ደፋነውና ወረድን።» ዘሪቱ ሁልጊዜ «ለምን ደፋችሁት?» ብላ ትጠይቃለች። አያቷም ሁልጊዜ አንድ መልስ ትመልሳለች። «ሙሉ እንስራ ይዞ ቁልቁል መውረድ ከባድ ነው፣ ልጄ።»

«አባባ» አለች ዘሪቱ። ሁሉም ዞሮ አያት፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ጠይቃ አታውቅም። «ውሃ ያመጣላችሁ ሰው አልነበረም?»

አቶ ዶላሞ በትራቸውን መሬቱ ላይ አዞሩት።

«ነበር» አሉ። «ማናዎች አምጥተው ነበር። እዚያ፣ ከአጥሩ ውጭ አስቀመጡት።»

«ከዚያስ?»

«አልጠጣንም።»

በመጀመሪያ አንዱ ልጅ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ክቡን ዞረ። «ከማና ከመጠጣት ጥም ይሻላላ!» አለ አንዱ። አለምነሽም በሳቅ የዘሪቱ ትከሻ ላይ ተደፋች። «እስቲ አስቢው፣ አያታችን ከጉድጓድ ሲወጣ ጓደኞቹ ከማና እንስራ ሲጠጡ ቢያገኛቸው! ተመልሶ ይገባ ነበር!»

መምህር ተገኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱ የድሮ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው። ዛሬ ሁሉም እኩል ነው» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። «በሉ፣ ወደ ድራማው! ንጉሤ ካባህን ልበስ። ዘሪቱ፣ እንስራሽን!»

አለምነሽ እየሳቀች ቅሉን ለዘሪቱ አቀበለቻት። ዘሪቱ ተቀበለችው። ሸፈሮው ገና ይተናል፤ የሁሉም አፍ የነካው ቦታ እርጥብ ነው። ሳትጠጣ ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችውና ተነሳች።

ምንጩ ከአጥሩ ጀርባ፣ ከቁልቁለቱ ሥር ነው። እዚያ ማንም አልነበረም። እንስራውን ውሃው ውስጥ ስታዘነብለው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይሞላ ጀመር። ዘሪቱ ከጎኑ ተንበርክካ አሰበች። አሁን ቀጥ ብላ ብትገባ፣ እንስራውን ንጉሤ እግር ሥር አስቀምጣ ብትወጣ፣ ሁሉም እንደነበረ ይቀጥላል። አለምነሽ ታቅፋታለች። ምሳ ይኖራል። «እህቴ» የሚላት ሰው ይኖራል። ባትገባ ግን ይህ ሁሉ ዛሬውኑ ያበቃል። የእናቷስ ነገር? ቦዩ ዳር ቀና ሳትል የኖረቻቸው ቅዳሜዎች ሁሉ በከንቱ ሊቀሩ ነው? እናቴ ትቆጣኝ ይሆን? ወይስ ታለቅስ ይሆን? የሚመክራት ሰው አልነበረም። በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ብቻዋን ሆና አታውቅም።

እንስራው ሞላ። ገመዱን በደረቷ አሳለፈች፣ በጉልበቷ ተነሳች፣ ዳገቱን ወጣች።

ንጉሤ ብርድ ልብስ እንደ ካባ ደርቦ፣ በከሰል ጢም ተስሎለት፣ የፈረሰው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ በየድንጋያቸው ላይ ናቸው። ዘሪቱ ከአጥሩ መግቢያ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ አለች። እንስራውን ከአጥሩ ውጭ፣ ከግንቡ ሥር አስቀመጠችና አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አንቺ ገባር! ወዲህ አምጪ!» አለ ንጉሤ ድምፁን አወፍሮ። ልጆቹ ሳቁ።

«ዘሪቱ፣ ረሳሽው እንዴ?» አሉ መምህሩ። «ውስጥ ገብተሽ ነው የምታስቀምጪው።»

«አይደለም፣ ቲቸር። እዚህ ነው ያስቀመጡት።»

«እነማን?»

«አያቴና ሌሎቹ።»

የመሀል አገር ልጆች ነገሩ አልገባቸውም፤ እርስ በርስ ተያዩ። በድንጋዮቹ ላይ የተቀመጡት ግን ገባቸው። አንዷ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። ሌላው ከዘሪቱ ቀጥሎ ሊጠጣበት የነበረውን ቅል አየና ፊቱን አዞረ። መምህር ተገኝ እጃቸውን አነሱና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

አለምነሽ ከድንጋዩ ተነስታ መጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አትፎግሪኝ» አለች።

«አልፎገርኩሽም።»

«የቀይ አፈሮቹስ?»

«የሉም።»

«ቅዳሜ ገበያ ላይ... ያቺ ሴትዮ...» አለምነሽ ንግግሯን ሳትጨርስ ወደ ገዛ እጆቿ አየች። በእነዚያ እጆቿ ነበር ቅጠሉን ያሸችው።

«እናቴ ናት» አለች ዘሪቱ።

«ለምን አልነገርሽኝም? አንድ ዓመት ሙሉ!»

«ብነግርሽ አብረሽኝ ትቀመጪ ነበር?»

አለምነሽ ልትዋሻት አልፈለገችም። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ ኋላ ዞረች። ቀዩ ድንጋይ ላይ ግን አልተቀመጠችም፤ አጠገቡ ቆመች። ዘሪቱ አለምነሽን ትወዳት ነበር፤ አሁንም ትወዳታለች፤ ይህም ምንም አልረዳትም።

ድራማው ያለ ውሃ ተሠራ። ንጉሤ ቃሉን እየረሳ፣ ልጆቹም ያለ ቦታው እያጨበጨቡ አለቀ። በመካከሉ አቶ ዶላሞ ቀስ ብለው ወደ አጥሩ መጡና ከውስጥ በኩል ቆሙ። እንስራውን አዩት። ውሃው አፉ ድረስ ሞልቶ ሰማይ ይታይበታል።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የዳርጌ።»

«የዳርጌ እናት ረጅም ሴት ነበረች» አሉ። «ከሌሎቹ ጋር እስኪመሽ ቆማ ነበር። እኔ ከዚህ ሆኜ እመለከታት ነበር።» በበትራቸው የግንቡን ድንጋይ ነካ ነካ አደረጉ። «በጣም ጠምቶኝ ነበር፣ ልጄ።»

ዘሪቱ ጠበቀች። ሽማግሌው ጥቂት ቆሙ፤ እጃቸው በአጥሩ ላይ ወጥቶ ተንጠለጠለ፤ ከዚያ መልሰው ሰበሰቡት። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ፉጨት ተነፋ። ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተሰለፉ። መምህር ተገኝ መጥተው ከዘሪቱ ፊት ቆሙ፤ ድምፃቸው እንደ ጠዋቱ አልነበረም።

«ውሃውን ድፊውና ነይ፣ ዘሪቱ። ቁልቁለት ነው፣ ይከብድሻል።»

ዘሪቱ እንስራውን አየችው። እናቷ ደጋግማ አዳምጣ የመረጠችው ነው፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አላንጠባጠበም። የቅጠሉን ክብ አስተካከለች፣ ገመዱን ሳበች፣ ሙሉውን እንስራ እንዳዘለች ተነሳች።

«እይዘዋለሁ፣ ቲቸር።»

ከሰልፉ መጨረሻ ሆና ወረደች። ከፊቷ ያሉት ልጆች ራቅ ብለው ነው የሚሄዱት፤ ወደ ኋላ እያዩ ይንሾካሾካሉ። ውሃው በየእርምጃዋ ጀርባዋ ላይ ይንቦጫቦጫል፤ ገመዱ ደረቷን ይቆርጣል። አያቷ እውነቷን ነው፤ በእርግጥ ከባድ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ከልጆቹ አንዷ ከሰልፉ ወጥታ መንገዱ ዳር መቆሟን አየች። የጫማዋን ማሰሪያ የምታይ ይመስል አንገቷን ደፍታለች፤ ግን አለምነሽ ናት። ዘሪቱ ፍጥነቷን አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። አጠገቧ ስትደርስ አለፈቻት። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዋ የሚራመድ እግር ሰማች፤ አልቀረበም፣ አልራቀም። ዞራ አላየችም።

ከታች ጂንካ ታየች፤ የአውሮፕላን ሜዳው፣ የቆርቆሮ ጣሪያዎቹ፣ ባዶው የገበያ ሜዳ፣ ከሜዳው ግርጌ ያ ቦይ። ቅዳሜ እዚያ ትወርዳለች። በቅቤውና በማሩ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ አልፋ፣ ቦዩ ዳር ስትደርስ እናቷን ምን ብላ እንደምትጠራት ከአሁኑ ታውቀዋለች። ቃሏን በልቧ አንድ ጊዜ በአሪኛ አለችው፤ ከዚያ ገመዱን አጠበቀችና እግሯን እየመረጠች መውረዷን ቀጠለች።